ሰዓቱን አስይዞ ጡብ ያስተኮሰው መምህር

ሶስት ጊዜ ጡብ ተኩሰው ሶስቱም ጊዜ ከሽፎባቸዋል። ካዝናው ባዶ ነው። አብረውት የሚያስተምሩት ሰዎች ነገሩን እርግፍ አድርጎ እንዲተወው እየመከሩት ነው። ዳይሬክተሩ ግን አንድ የቀረችው ነገር ነበረች፤ ሰዓቱ። ይዟት ወደ ሞንትጎመሪ ከተማ ሄደ፣ መያዣ አድርጎ 15 ዶላር ተበደረባት። በዚያች 15 ዶላር አራተኛው ምድጃ ተለኮሰ።

ሰዓቷ ተመልሳ አልመጣችም። ጡቡ ግን ወጣ።

ሰውየው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ይባላል። ቦታው አሜሪካ፣ አላባማ ግዛት ውስጥ ያለች ቱስኪጊ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ ታሪኩን የምናወራው በባርነት ተወልዶ ስመ ጥር ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከ140 ዓመት በፊት አንድ ዛሬም ያልለቀቀንን ጥያቄ በእጁ ለመመለስ ስለሞከረ ነው፦ ግንበኛና አናጢ በጠፋበት ቦታ፣ ግንበኛና አናጢ ከየት ይመጣል?

(ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአፈር ወለል እስከ ጨው ፋብሪካ

ቡከር በ1856 በቨርጂኒያ ግዛት በአንድ የእርሻ ቦታ ተወለደ። እናቱ ጄን የእርሻው ምግብ አብሳይ ነበረች። የሚኖሩባት ጎጆ ራሷ የእርሻው ወጥ ቤት ናት፤ ወለሏ አፈር ነው። አልጋ የሚባል ነገር የለም። እሱ፣ ወንድሙ ጆንና እህቱ አማንዳ መሬት ላይ በተነጠፈ ቡትቶ ላይ ነበር የሚተኙት። አባቱ አንድ ነጭ ሰው እንደሆነ ከመስማት በቀር ማን እንደሆነ አላወቀም። የተወለደበትን ቀን እንኳ እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም ነበር።

በ1865 የእርስ በርስ ጦርነቱ አበቃና ነጻ ወጡ። ቤተሰቡ የእንጀራ አባቱ ወደሚሰራበት ዌስት ቨርጂኒያ ሄደ፤ ጨው በሚመረትባት ማልደን በምትባል መንደር ኑሮ ጀመሩ። ነጻነት ማለት ግን እንጀራ ማለት አይደለም። ልጁ ገና አስር ዓመት ሳይሞላው ጨው ፋብሪካ ገባ፤ ስራው አንዳንዴ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ይጀምራል። በኋላ ደግሞ ከሰል ማዕድን ወረደ።

አንድ ቀን እዚያ ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰራተኞች ሲያወሩ ሰማ። ሃምፕተን ስለሚባል ትምህርት ቤት ነበር ወሬው፤ ገንዘብ የሌለው ጥቁር ተማሪ እየሰራ የሚማርበት ቦታ። ልጁ በጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ ተጠጋና ጆሮውን ሰጠ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሐሳቡ ሁሉ ሃምፕተን ሆነ።

በ1872 መንገድ ጀመረ። ርቀቱ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሪችመንድ ከተማ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ስለነበር ከእንጨት በተሰራ የእግረኛ መንገድ ስር ገብቶ አደረ። ቀን ቀን ከመርከብ ላይ ብረት እያራገፈ የጉዞውን ገንዘብ አጠራቀመ። ሃምፕተን የገባው በ50 ሳንቲም ነው።

ፈተናው መጥረጊያ ነበር

አቧራ የጠገበ፣ የተራበ ልጅ በሩ ላይ ቆሟል። ኃላፊዋ መምህርት ትቀበለው አትቀበለው ግራ ገብቷታል። ብዙ ካስጠበቀችው በኋላ አንድ ክፍል እንዲጠርግ አዘዘችው።

ቡከር ክፍሉን ሶስት ጊዜ ጠረገ። አራት ጊዜ በጨርቅ ወለወለ። መምህርቷ መጥታ በመሀረቧ ግድግዳውንና ወንበሩን ፈተሸች፤ አቧራ አጣች። በቃ፣ ገባ። የመግቢያ ፈተናው ይሄው ነበር። ከዚያ በጽዳት ሰራተኛነት ለምግቡና ለመኝታው እየከፈለ ተማረና በ1875 ተመረቀ።

ይህች ነገር ቀላል ትምሰል እንጂ በኋላ ለሰራው ሁሉ መሰረት ናት። ሰው የሚመዘነው በሚናገረው ሳይሆን ሰርቶ በሚያሳየው ነው የሚለውን ሐሳብ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም።

ባለሙያዎቹ የት ሄዱ?

በ1881 አላባማ ውስጥ ለጥቁሮች አስተማሪ የሚያሰለጥን ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ተባለ። ሐሳቡን ከገፉት ሰዎች አንዱ ሉዊስ አዳምስ ይባላል። አዳምስ ባሪያ በነበረበት ጊዜ ቆርቆሮ ስራ፣ ጫማ ስራና የፈረስ ዕቃ ስራ የተማረ ባለእጅ ነው። ለትምህርት ቤቱ የሚሆን ሰው ፍለጋ ወደ ሃምፕተን ደብዳቤ ተጻፈ፤ የተላከው የ25 ዓመቱ ቡከር ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቡከር በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሲዘዋወር ያየው አንድ የሚገርም ነገር ነበር። በባርነት ዘመን በየእርሻው ቤት የሚሰራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ጡብ የሚደረድረው፣ ሰረገላ የሚጠግነው ጥቁሩ ነው። ጌታው ለራሱ ጥቅም ሲል ሙያ ያስተምረዋል። አንድ ነጭ ባለ ርስት ቤት ማሰራት ሲፈልግ ስለ ስራው የሚማከረው ከጥቁር ባለሙያ ጋር ነበር።

ባርነቱ ቀረ፤ መቅረቱም ግድ ነበር። ነገር ግን በግፍ ይሰጥ የነበረውን የሙያ ትምህርት በነጻነት የሚተካ ነገር ማንም አላሰበም። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ እንዲሁ አለፈ። ወጣቱ በሙሉ ዓይኑን መጽሐፍ ላይ ጣለ። ሽማግሌዎቹ አናጢዎችና ግንበኞች አንድ በአንድ ሲሞቱ ቦታቸውን የሚይዝ አልነበረም። ስራው አለ፣ ገበያው አለ፣ የሚሰራው እጅ ግን እየጠፋ ሄደ።

ዛሬ ቢሆን የሰለጠነ የሰው ኃይል እጥረት እንለው ነበር። ቡከር ቃሉ ባይኖረውም በሽታውን ለይቶታል። ሙያ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚተላለፈው፤ አንድ ትውልድ ካልተቀበለው ይቋረጣል።

ጃንጥላ ስር የተጀመረ ትምህርት ቤት

ትምህርት ቤቱ ሐምሌ 4 ቀን 1881 በ30 ተማሪዎች ተከፈተ። ግዛቱ የመደበው ገንዘብ በዓመት 2,000 ዶላር ሲሆን እሱም ለደመወዝ ብቻ ነው። ለመሬትም ለህንጻም ሰባራ ሳንቲም የለም። ክፍሉ አንዲት ቤተክርስቲያን አጠገብ ያለች አሮጌ ጎጆ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ስለሚያፈስ አንዱ ተማሪ ተነስቶ መምህሩ ላይ ጃንጥላ ይይዛል፤ ትምህርቱ ይቀጥላል።

ብዙም ሳይቆይ ከከተማው ወጣ ብሎ 100 ኤከር የሚሆን የተተወ የእርሻ መሬት በ500 ዶላር ተገኘ። ቡከር የሃምፕተንን ገንዘብ ያዥ ከግሉ 250 ዶላር እንዲያበድረው ጠይቆ ቅድመ ክፍያውን ከፈለ። የቀረው ከየቦታው ተለቀመ። በኋላ ሚስቱ የሆነችው መምህርት ኦሊቪያ ዴቪድሰን በየቤቱ እየዞረች ለመነች። አንዲት በባርነት ዘመናቸውን የጨረሱ፣ ልብሳቸው የተቀደደ አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡና ያላቸውን ሰጡ፤ ስድስት እንቁላል።

መሬቱ ላይ የነበሩት ጋጣ፣ የዶሮ ቤትና አሮጌ ወጥ ቤት ናቸው። ጋጣውና የዶሮ ቤቱ ተጠርገው ክፍል ሆኑ። ቡከር ግን ከዚህ በኋላ የሚሰራውን ቤት ሁሉ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲሰሩት ወሰነ።

ፊደል የቆጠረ መጥረቢያ አይዝም?

ተማሪዎቹ ደስ አላላቸውም። አንዳንዶቹ ራሳቸው በየገጠሩ ሲያስተምሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ወደ ትምህርት ቤት የመጡት ከእጅ ስራ ለማምለጥ ሆኖ ሳለ መሬት መንጠር ምን የሚሉት ነው? ቡከር አልተከራከራቸውም። ከትምህርት በኋላ መጥረቢያውን አንስቶ ወደ ጫካው ቀድሞ ገባ። መምህሩ ላቡ ሲንጠባጠብ ሲያዩ እነሱም ተከተሉት። 20 ኤከር መነጠሩ።

ወላጆችም ተቃወሙ። ልጃቸውን የላኩት መጽሐፍ እንዲማር እንጂ ጭቃ እንዲያቦካ አይደለም። መጽሐፉ በወፈረ ቁጥር፣ ስሙም በረዘመ ቁጥር ደስ ይላቸዋል። ደብዳቤ ጻፉ፣ በአካል መጥተው አቤት አሉ። ቡከር ሰማቸው፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

የእነዚያ ወላጆች ስሜት ለኛ እንግዳ አይደለም። እኛም ቀጥቃጩንና ሸክላ ሰሪውን በስድብ ስም ስንጠራ የኖርን፣ የሰሩልንን ግን ቤታችን ውስጥ የምንጠቀም ሕዝብ ነን። ልዩነቱ የአላባማዎቹ ወላጆች ንቀት ሳይሆን ቁስል ነበራቸው። ለነሱ የእጅ ስራ ማለት ጅራፍ ማለት ነበር። ቡከር ሊያሳያቸው የፈለገው በግዳጅ መስራትና በሙያ መስራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ነው።

አራተኛው ምድጃ

የመጀመሪያው ትልቅ ህንጻ ከእንጨት ነበር። ተማሪዎቹ ከክፍል ሲወጡ መሰረቱን ቆፈሩ። አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት የሆነ ነጭ ሰው ያለ ምንም መያዣ፣ በቃል ብቻ እንጨቱን በዱቤ ሰጣቸው።

ቀጥሎ ጡብ አስፈለገ። ከተማው ውስጥ ግን የጡብ ማምረቻ የለም። ጡብ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፤ የሚሰራው የለም። ቡከር ዕድሉን ያየው እዚህ ላይ ነው።

ስራው መራራ ነበር። ጥሩ ሸክላ አፈር እስኪገኝ ቦታ እየቀያየሩ ቆፈሩ። ጉልበት ድረስ ጭቃ ውስጥ መቆም ያስጠላቸው አንዳንድ ተማሪዎች ትምህርቱንም ጥለው ሄዱ። ሃያ አምስት ሺህ ያህል ጡብ ሰርተው የመጀመሪያውን ምድጃ ለኮሱ፤ በደንብ አልተተኮሰም። ሁለተኛውም እንደዚያው። ለሶስተኛው ሃምፕተን ጡብ ስራ የተማሩ መምህራን ገቡበት። አንዱን ምድጃ ተኩሶ ለማውጣት አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ እኩለ ሌሊት ላይ ምድጃው ተደረመሰ።

የሰዓቷ ነገር የመጣው ያኔ ነው። አራተኛው ተሳካ።

ከዚያ የሆነው ነገር ለቡከር ከጡቡ ይበልጥ ትልቅ ነበር። በአካባቢው ያሉ ነጮች፣ ትምህርት ቤቱን በጥርጣሬ የሚያዩት ሳይቀሩ ጡብ ሊገዙ መምጣት ጀመሩ። ጡቡ ጥሩ ስለሆነ ነው የመጡት፤ ሌላ ምክንያት የላቸውም። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

እየሰሩ መማር፣ እየተማሩ መስራት

አሰራሩ ምን ይመስል ነበር? በ1884 የማታ ትምህርት ተጀመረ። ምንም ገንዘብ የሌለው ወጣት ቀን አስር ሰዓት በሙያ ክፍል ይሰራል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ይማራል። የሰራበት ገንዘብ ለእጁ አይሰጠውም፤ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥለታል። ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ቀን ትምህርት ሲዛወር ያጠራቀመው ለምግቡና ለመኝታው ይሆነዋል። በደርዘን ተማሪ የተጀመረው የማታ ክፍል በ1900 አካባቢ ከ450 በላይ ደርሶ ነበር።

ግንበኝነት፣ አናጢነት፣ ልስን፣ ቀለም ቅብ፣ ቆርቆሮ ስራ፣ ቧንቧ ስራ፣ ሁሉም ይሰጣል። የሚለማመዱበት ግድግዳ ግን ነገ የሚፈርስ የልምምድ ግድግዳ አይደለም፤ ሰው የሚያድርበት ቤት ነው። ሂሳቡም ከዚያው ይወጣል። ለዚህ ግድግዳ ስንት ጡብ ይፈጃል፣ ለዚህ ጣሪያ ስንት እንጨት ይቆረጣል የሚለው የክፍል ጥያቄ ነው።

በ1892 ደግሞ ትልቅ ሰው መጣላቸው። ሮበርት ቴይለር ከታዋቂው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በአርክቴክትነት የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። አባቱ በባርነት የኖረ አናጢና ህንጻ ሰሪ ነበር። ቴይለር ይነድፋል፣ ተማሪዎቹ ጡቡን ይሰራሉ፣ ተማሪዎቹ ይገነባሉ። የቡከር መኖሪያ ቤትና የግቢው ቤተክርስቲያን በዚህ መንገድ ነው የቆሙት።

ቡከር አንድ ነገር አይክድም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች እንከን ነበረባቸው። ኮንትራክተር ቢቀጠር ኖሮ ስራው ቶሎ ያልቃል፣ አምሮም ይወጣል። ግን ኮንትራክተሩ ሲሄድ የሚቀረው ቤቱ ብቻ ነው። እነሱ ጋ ቤቱም ሰሪውም ቀረ። በዚያ ላይ የሰሩት ነገር የራሳቸው ነው። አንድ አዲስ ተማሪ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ሲጭር የቆየ ተማሪ ይቆጣዋል፤ ግድግዳውን ያቆመው እሱ ነዋ።

በሃያ ዓመት ውስጥ 40 ህንጻዎች ቆሙ፤ ከአራቱ በቀር ሁሉም ማለት ይቻላል በተማሪዎች እጅ። ያ ሶስት ጊዜ የከሸፈው የጡብ ስራ በአንድ ወቅት ብቻ 1,200,000 ጡብ የሚያወጣበት ደረጃ ደረሰ።

የማይደበቀው ክፍል

ታሪኩን በማር ለውሰን ብቻ ብንተወው ልክ አይሆንም።

በ1895 ቡከር አትላንታ ላይ ባደረገው ንግግር ጥቁሮች ለጊዜው የፖለቲካ ጥያቄን ወደ ኋላ አድርገው በሙያና በኢኮኖሚ እንዲያድጉ መከረ። ነጮቹ አጨበጨቡ። ብዙ ጥቁር ምሁራን ግን ተቆጡ። በ1903 ዱ ቦይስ የተባለው ሊቅ በመጽሐፉ ሞገተው። ነጥቡ ቀላል ነው፦ ድምፅ መስጠት የማይችል ሰው የሰራውን ቤት በምን ይጠብቀዋል? ከፍተኛ ትምህርት ለጥቁር ልጅ አይገባም ወይ?

ዱ ቦይስ እውነት ነበረው። በብዙ ቦታ የሰራተኛ ማህበራት ጥቁር ባለሙያን አይቀበሉም ነበር። ሙያው እያለው በሩ የተዘጋበት ሰው ብዙ ነው። ከቱስኪጊ ተመራቂዎችም ብዙዎቹ ግንበኛ ሳይሆኑ አስተማሪ ነው የሆኑት። የሰረገላ ጎማ ሰሪነትን የመሰሉ ሙያዎች ደግሞ ወዲያው በማሽን ተበልተዋል።

ቡከር ራሱ በአደባባይ ዝም ያለውን ነገር በስውር ያደርግ ነበር። ጥቁሮችን ከምርጫ የሚያገልሉ ሕጎችን ለሚሞግቱ ክሶች በድብቅ ገንዘብ ይሰጥ እንደነበር ከሞተ በኋላ ታወቀ። በ1901 ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ዋይት ሃውስ ውስጥ ራት ስለበላ ብቻ ደቡቡ በቁጣ ተናወጠ። እንግዲህ የሚሰራበት አገር ይህን ይመስል ነበር።

ስለዚህ ከሱ የምንማረው ሙያ ብቻውን ሁሉን ይፈታል የሚል አይደለም። ሰልጣኙ ከተመረቀ በኋላ የሚቀጥረው፣ በአግባቡ የሚከፍለው፣ መብቱን የሚያከብርለት ከሌለ ስልጠናው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ግን ደግሞ መብቱና ገበያው ኖሮ የሰለጠነ እጅ ከሌለም ቤቱ አይቆምም። ሁለቱ ሰዎች የተጣሉበት ነገር አንዱ ያለ ሌላው የማይሄድ ነበር።

የመጨረሻው ጡብ

በ1915 ቡከር ኒውዮርክ ሳለ በጠና ታመመ። ሐኪሞች ብዙ እንደማይቆይ ሲነግሩት አገሬ ገብቼ ልሙት አለ። በባቡር ወሰዱት። ህዳር 14 ንጋት ላይ ቱስኪጊ ውስጥ አረፈ፤ 59 ዓመቱ ነበር።

በዶሮ ቤትና በጋጣ የተጀመረው ግቢ ያኔ ከ100 በላይ ህንጻዎችና 1,500 ያህል ተማሪዎች ነበሩት። ከመሞቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ጁሊየስ ሮዝንዋልድ ከተባለ ነጋዴ ጋር የጀመረው የገጠር ትምህርት ቤት ግንባታም አልቆመም። መንደርተኛው ገንዘብና ጉልበት እያዋጣ እስከ 1932 ድረስ ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተሰሩ። ቱስኪጊ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የአርክቴክቸርና የግንባታ ሳይንስ ትምህርት ክፍሉም በሮበርት ቴይለር ስም ይጠራል።

ቡከር የተቀበረው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ተማሪዎቹ በሰሩት የጡብ መቃብር ነው።

ሰዓቷ የት እንደገባች ማንም አያውቅም። የተለኮሰባት እሳት ግን ጡብ ብቻ ሳይሆን ጡብ ሰሪ አወጣ።

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። በሰፈራችሁ የምታውቁት ጎበዝ ግንበኛ ወይም አናጢ አለ አይደል? ዕድሜው እየገፋ ነው። አጠገቡ ቆሞ የሚማር ልጅ አለው?